ከፎቶሽ ጀርባ የገባው ሚስማር

ውድ እቴቴ፣

አንቺም ባልሽም ልጆቹም ደህና እንደሆናችሁ ትናንት በስልክ ስለሰማሁ፣ ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በስልክ ስናወራ አምሽተን ዛሬ ደብዳቤ መጻፍ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ያመጣችው እማዬ ናት። «በስልክ ከነገርካት ግማሹን ሳትሰማ ትጮህብሃለች፤ በደብዳቤ ከሆነ ግን አንብባ እስክትጨርስ የምትጮህበት ሰው የላትም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሃል ላይ ብትደውዪም ስልኩን አላነሳም።

ጉዳዩ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ነው። ያን ዕለት መጥተሽ የእማዬን ቤት አላርም በሩን በበሩ፣ መስኮቱን በመስኮቱ ፈትነሽ፣ «በቃ አሸነፋችሁኝ፤ እዚሁ ትኑር» ብለሽ ሄድሽ። እኛም እስከ ውጭው በር ሸኝተንሽ መኪናሽ እስክትታጠፍ ድረስ እጃችንን ስናወዛውዝ ነበር። እንግዲህ እውነቱን ስሚ። ያን ቀን አላሸነፍንሽም፤ አታለልንሽ።

ከመጀመሪያው ብጀምር ይሻላል፤ አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነውና።

ሌባው የገባ ዕለት እማዬ ከቤቱ ጀርባ አበቦቿን ታጠጣ ነበር። በጠራራ ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ገብቶ ራዲዮኑን፣ ካውያውንና የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዞ ወጣ። ቴሌቪዥኑን ትቶ ሪሞቱን! እኔ ይህን ስሰማ በሳቅ ልሞት ምንም አልቀረኝም። አንቺ ግን አልሳቅሽም። «ሪሞቱን የወሰደው ለቴሌቪዥኑ ሊመለስ ስላሰበ ነው» አልሽ። ከዚያ በኋላ እኔም እንደ ልቤ መሳቅ አቃተኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አንቺ ቤት ለእማዬ አንድ ክፍል ተለቀቀ። አልጋው ተገዛ፣ ቁም ሳጥኑ ገባ፣ የአልጋ ልብሱን ቀለም እንኳ በስልክ አማረጥሻት። ያማረጥሻት ግን ቀለሙን ብቻ ነው፤ መሄድ አለመሄዷን የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋት፤ ስለዚህ ይህን ስልሽ ጣቴን ወዳንቺ ብቻ እየቀሰርኩ አይደለም።

ያስደነገጠኝ እማዬ እምቢ አለማለቷ ነው። ታውቂያታለሽ፤ ስትቆጣ ትናገራለች፣ ሲከፋት ግን ትለካለች። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከክፍል ክፍል እየዞረች መጋረጃዎቹን ትለካ ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?» አልኳት።

«እዚያ ክፍል መስኮት ላይ የትኛው እንደሚሆን እያየሁ ነው።»

«የትኛው ሆነ?»

«አንዱም» አለች። ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ሥራዋን ቀጠለች።

አርባ ዓመት የሰው ልብስ የሰፋችበት ቤት ነው። ደንበኞቿ ዛሬም በዱላም በልጅም ተደግፈው ቀሚስ ለማሳጠር ይመጣሉ። ስልክ አንስቼ «አንድ ወር ስጪኝ፤ አላርም እገጥማለሁ» ያልኩሽ በዚያው ዕለት ነው።

የሳቅሽው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «አንተ? አቶ ነገ?» አልሽኝ። ይህን ስም ያወጣሽልኝ አንቺው ነሽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የጀመርኩትን የወፍ ቤት «ነገ እጨርሰዋለሁ» እያልኩ ጣሪያው ሳይገጠም ጺም ስላበቀልኩ ስሙ ይገባኛል፤ አልከራከርም። ስቀሽ ስታበቂ ግን ድምፅሽ ተለወጠ። «እሺ፣ አንድ ወር። እኔው ራሴ መጥቼ እፈትነዋለሁ። በእያንዳንዱ በርና በእያንዳንዱ መስኮት መጮህ አለበት። አንዲት መስኮት እንኳ ዝም ካለች እናቴን መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ነው የምመለሰው።» ቃል በቃል ይህን ነው ያልሽው።

እኔ እንግዲህ እንደምታውቂው የተቃጠለ ሞተር ጠምጣሚ ነኝ። የሌባ ደወል ገጥሜ አላውቅም። ሽቦ ሽቦ ነው ብዬ ገባሁበት። ነገሩም ሲያዩት ቀላል ነው። በየመስኮቱና በየበሩ ጠርዝ ጣት የምታክል ባለ ማግኔት ማብሪያ ማጥፊያ ትለጠፋለች፤ ከእሷ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተነስተው ኮሪደሩ ላይ ካለው ሳጥን ይደርሳሉ። መስኮቱ ሲከፈት የሁለቱ ሽቦዎች ግንኙነት ይቋረጣል፤ ይሄኔ ሳጥኑ ይነቃና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተሰቀለውን ሳይረን ያስጮኸዋል። በቃ። በሁለት ቀን እጨርሳለሁ ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሽቦውን በሳሎኑ ግድግዳ ላይ በትንንሽ ሚስማር እያያዝኩ ቀጥ አድርጌ ዘረጋሁት። ለእኔ ዓይን ያማረ ነበር። እማዬ መጥታ አየችውና ተመለሰች። መቀሷን ይዛ መጣች።

«እማዬ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«የተንጠለጠለ ክር ሳይ እጄ አያርፍም።»

«ክር አይደለም፣ ሽቦ ነው!»

«ሽቦ ከሆነማ ጭራሽ ቤቴ ውስጥ እንዳላየው። ስፌቱ የሚታይ ልብስ ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። ቤቴንም አልሰጥም። ደግሞ ሽቦ ያየ ሌባ 'እዚህ ቤት የሚሰረቅ ነገር አለ' ነው የሚለው።»

የመጨረሻው ነገርማ እውነት ነው። እንዲህ ሆኜ በሁለት ዳኛ መሃል ወደቅሁ። አንቺ በየመስኮቱ ካልጮኸ ትያለሽ፤ እሷ ሽቦ ከታየኝ ቆርጬ እጥለዋለሁ ትላለች።

የዘረጋሁትን ሁሉ ነቀልኩ። ቀላሉ ክፍል ከኮርኒሱ በላይ ነበር፤ ሃያ ዓመት የተጠራቀመ አቧራ እየዋጥኩ በሆዴ ተሳብኩ። ከዚያ ወደ ታች መውረዱ ነው ችግሩ። አንዳንዱን ከበር መቃን ጀርባ አሳለፍኩት። አንዳንዱን ደግሞ ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ዞኮሎ ገንጥዬ ከሥሩ ደበቅሁት። መሸሸጊያ በሌለበት ልስኑን ጣት በምታህል ቦይ ቦርቡሬ፣ ሽቦውን አስተኝቼ፣ በጀሶ ደፈንኩት። እኔ የደፈንኩት ግን አበጠ፤ ግድግዳው ላይ የደም ሥር የወጣበት ክንድ መሰለ። እማዬ ለአንድ ቀን ታገሰችኝና በማግሥቱ የዳቦ ቢላዋ ይዛ መጣች። «ዞር በል» አለችኝ።

እቴቴ፣ ያን ብታዪ! መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ጀሶውን በዳቦ ቢላዋ እየዳመጠች፣ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ጉንጯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ በአንድ ዓይኗ እያየች አስተካከለችው። እኔ እንዲህ ነው የሚደረገው እያልኩ ላስረዳት ስሞክር «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብላ አፌን አስያዘችኝ። አዲሱ ነጭ ቀለም በአሮጌው ነጭ መሃል እንደ አዲስ ጥርስ ቢያበራባት፣ ከቀለሙ በጣሳ ቀድታ ወፍራም ሻይ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ሁለት ቀን ሙሉ ጠብታ ስትጨምር፣ ቀብታ ስታደርቅ፣ አይታ ስትነቅፍ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጠርታኝ «ሽቦው የት ነው?» አለችኝ። ፈለግሁ። አጣሁት። የገጠምኩት እኔው ነኝ፣ አጣሁት። እንደ ልጅ እያጨበጨበች ሳቀችብኝ።

እያንዳንዱን ሽቦ ከመድፈናችን በፊት ደግሞ በደንበኞቿ ደብተር ላይ ትመዘግበው ነበር፤ እንደ ሰው እየለካች። «ሳሎን። ከመስኮቱ ጥግ ወደ ቀኝ ስልሳ ሁለት። ከወለሉ እስከ ደረት ቀጥ ብሎ።»

«ግድግዳ ደረት አለው እንዴ?»

«ልብስ የሚለብስ ሁሉ ደረት አለው። ቀለም ልብሱ አይደለም?»

እኔ ደብተሩን ንቄ አላየሁትም። ይህን ልብ በይልኝ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሙከራውን የሚያውቀው መንደሩ ሁሉ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳይረኑን ሳስጮኸው ኮሎኔሉ ጃንጥላውን እንደ ጠመንጃ ወድሮ አጥሩን ዘሎ መጣ። ኮሎኔሉን አትረሺውም መቼም፤ ወታደር ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ በአረማመዱ ብቻ ማዕረግ ያገኘው ጎረቤታችን ነው። ሌባ እንደሌለ ሲያይ ቅር አለው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎን ተመለሰ። በሁለተኛው ቀንም መጣ። በሦስተኛው ቀን አንገቱን ብቻ በአጥሩ ላይ ብቅ አደረገ። በአምስተኛው ቀን ከወንበሩ ሳይነሳ «አሁንስ ሌባው ራሱ ስሜን ጠርቶ ቢለምነኝ አልመጣም!» ብሎ ጮኸ። እማዬ ደንግጣ ለማስታረቅ ሄደች፤ ሙከራ የሚደረገው ከጠዋቱ አራት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ እንዲሆን፣ ከዚያ ውጭ ከጮኸ ግን እውነት እንደሆነ ተስማምተው ተጨባበጡ።

ከሳጥኑ ጋር አንዲት የድረሱልኝ መጥሪያም አብራ መጥታ ነበር። መስኮት ተከፈተም አልተከፈተ፣ ሰው ሲጫናት ሳይረኑን የምታስጮህ ናት። የት ላድርግልሽ ብላት እማዬ ብዙም አላሰበች። «ከስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ሥር፣ ጉልበቴ በሚደርስበት። ሌባ ሲመጣ እጄ ሥራ ላይ ነው።» እዚያው አሰርኩላት።

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት ሁሉንም በርና መስኮት አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፤ ሁሉም ጮኹ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አንቺ ከመንገድ ደውለሽ ልትደርሺ ግማሽ ሰዓት እንደቀረሽ ነገርሽን። እማዬ ከኩሽና ብቅ ብላ ሳሎኑን ቃኘችና «ፎቶዋ የታለ?» አለች። የምረቃ ፎቶሽን ማለቷ ነው፤ ያን ትልቁን፣ ቆቡ ግንባርሽ ላይ የወረደበትን። ልስኑን ስንሠራ አውርጄው ከሶፋው ኋላ ቆሟል። «በሩን ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ባዶ ግድግዳ ካየች ይከፋታል፤ ስቀለው» ብላኝ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

የድሮው የሚስማር ቀዳዳ በጀሶ ተደፍኗል። እኔም በዓይኔ ገምቼ፣ መሃሉን ፈልጌ፣ ሚስማሩን በሦስት ምት አስገባሁት። ፎቶሽን ሰቀልኩ። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት፤ ኮራሁም። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ የሳሎኑን መስኮት፣ ሌባው የገባበትን ያን መስኮት፣ ከፈትኩት።

ዝም።

ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ዝም። ሮጬ ሳጥኑን አየሁ፤ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ሁሉም ዝግ ነው ይላል። ያኔ ገባኝ። ሚስማሩ ሁለቱን ሽቦዎች ወግቶ አጣብቋቸዋል። እነሱ ከተነካኩ ደግሞ ሳጥኑ መስኮቱ ዝግ ነው ብሎ ያምናል። ሌባው ከፍቶ ገብቶ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እግሩን ቢዘረጋም ሳጥኑ ሰላም ነው እንዳለ ይውላል። ሚስማሩን ልንቀለው ብል ሽቦው ሊበጠስ ነው፤ ከተበጠሰ ደግሞ ሳይረኑ አላቆም ብሎ ይጮሃል። ደብተሩ ኩሽና ነበር፣ እማዬም ኩሽና ነበረች፤ አንዳቸውንም ሳልጠይቅ ነው ሚስማር የመታሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። መዶሻው ገና በእጄ እንዳለ የመኪናሽ ጥሩምባ ተሰማ።

የቀረው ሲሆን አንቺም ነበርሽ፤ ግን በእኔ ዓይን አላየሽውምና ልንገርሽ። የኩሽናውን በር ከፈትሽ፣ ጮኸ። የእማዬን መኝታ ቤት መስኮት ከፈትሽ፣ ጮኸ። የጓሮውን በር ከፈትሽ፣ ጮኸ። በእያንዳንዱ ጩኸት ፊትሽ እየፈካ መጣ፣ የእኔ እየገረጣ። ሽቦ ፍለጋ ግድግዳውን ስትዳብሺ አጥተሽው «የት ደብቃችሁት ነው?» ብለሽ ስትገረሚ እማዬ እንደ ሙሽራ ተሽኮረመመች። ከዚያ ሳሎን ገብተሽ ፎቶሽ ፊት ቆምሽ። «ዘመም ብሏል» ብለሽ በሁለት እጅሽ አቃናሽው። ነፍሴ ከዚያች ሚስማር ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ወደ መስኮቱ ስትሄጂ «እቴቴ፣ እሱን ተይው» አልኩሽ።

«ለምን?»

«ቀለሙ አልደረቀም።»

«ያንተ ነገር!» ብለሽ ከፈትሽው።

አንድ፣ ሁለት ብሎ ለመቁጠር የሚበቃ ዝምታ ነበር። አፌን ከፍቼ ልነግርሽ ነበር። ይህን ማመን ያንቺ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን ልነግርሽ ነበር። ሳይረኑ ጮኸ። አንቺ ደንግጠሽ ደረትሽን ያዝሽ፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳሽ። «ይቺ እንኳ ትንሽ ዘገየች፤ ገጣሚዋን መስላ ነው!» አልሽ። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሆን ተብሎ ነው፤ ሌባው በደንብ እንዲገባ ጊዜ ይሰጠዋል» አልኩሽ። የእማዬ ውሸት አንድ ከሆነ የእኔም ይኸው አንድ ነው፤ ሁሉንም በእሷ ላይ አልጭንም።

ዞር ብዬ እማዬን አየኋት። ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿ ጨርቁ ላይ ናቸው፣ ዓይኖቿ መርፌው ላይ። መርፌው ግን አይንቀሳቀስም። የተንቀሳቀሰው ጉልበቷ ነው።

አንቺን ሸኝተን ስንመለስ በረንዳው ላይ ያዝኳት።

«አንቺ ነሽ?»

«ምን እኔ ነኝ?»

«እማዬ!»

«ፊትህ ጀሶ መሰለ። እሷ ወደ መስኮቱ ስትሄድ ደግሞ አንተ የምታየው ሚስማሩን ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? የቸገረው ሰው ድረሱልኝ ይላል፤ እኔም አልኩ።»

እውነት ለመናገር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሦስት ቀን እየተያየን ሳቅን። «ትንሽ ዘገየች» ያልሽውን እየደገመች፣ ድምፅሽን እያስመሰለች ታስቀኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ለምሳ ስሄድ ግን ሥራዋ ታጥፎ ተቀምጧል፣ የስፌት መኪናው ተከድኗል። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር።

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደኝ» አለች። «አርባ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ጨርቅሽ አልበቃም ብዬ አላውቅም። የተረፈ ቁራጭ እንኳ ጠቅልዬ እመልሳለሁ። ይኸው አሁን ልጄን አታለልኩ። እሷ እኮ ቤቴ ተጠብቋል ብላ እዚያ በሰላም ትተኛለች። ጻፍላት።»

«መስኮቱን ልጠግነውና ከዚያ…»

«ጠግነው፤ ከዚያም ጻፍላት። ጠግኖ ዝም ማለት አለ እንዴ?»

አሁን የራሴን ልጨምር። እማዬ እንድትሄድ ያልፈለግሁት ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም። ከወርክሾፑ ወጥቼ እጄ ግሪስ እንደሆነ «ታጥበሃል?» የሚለኝ ሰው ያለበት ቤት እሱ ብቻ ነው። እሱ ከተዘጋ ምሳ የትም ይገኛል፤ «ታጥበሃል?» የሚለኝ ግን የለም። ይህን በወቅቱ ብነግርሽ ደካማ እመስልሻለሁ ብዬ አላርም አላርም ስል ከረምኩ። አንቺም ብትሆኚ ሌባ የገባ ሰሞን ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመስሽ ባልሽ ነግሮኛል። ለእኛ ግን አልጋ ተገዛ፣ ቁም ሳጥን ገባ ነው ያልሽን። አንቺ ፍርሃትሽን በትእዛዝ ትናገሪያለሽ፣ እኔ የእኔን በቀልድ እናገራለሁ፣ እማዬ ደግሞ ትለካለች። በዚህ አያያዛችን አንዳችን ሌላችንን ብናታልል ምን ይገርማል? በጣም እንደምወድሽ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ፤ ይኸው ነገርኩሽ።

ጥገናው ያንድ ጠዋት ሥራ ሆነ። እማዬ ደብተሯን ገለጠች፣ «ከመስኮቱ ጥግ ወደ ቀኝ ስልሳ ሁለት» ብላ አነበበች፣ ሜትሯን ዘረጋች፤ ጣቷ ያረፈው ልክ ሚስማሩ ላይ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መዶሻውን አቀበለችኝ። መዳፍ የምታህል ልስን ከፈትኩ፣ የተወጋውን ሽቦ ቆርጬ በአዲስ ቀጠልኩ፣ እሷ ደፈነችው። ሻይ ያለበት ቀለም ጣሳው ውስጥ ተርፎ ነበር። ፎቶሽ አሁን አንድ ክንድ ወደ ቀኝ ተጠግቷል። ሲታይ እንዲያውም አምሮበታል።

ስለዚህ እማዬ የወሰነችው ይህ ነው። ደብዳቤው በደረሰሽ ሳምንት ቅዳሜ ተመልሰሽ ትመጫለሽ። ሁሉንም እንደገና ትፈትኛለሽ፤ የፈለግሽውን በር፣ የፈለግሽውን መስኮት፣ በፈለግሽው ተራ። እሷ ከስፌት መኪናዋ ርቃ ግቢው መሃል ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እጇም ጉልበቷም በሚታይሽ ቦታ። እኔ ከጎኗ እቆማለሁ። ኮሎኔሉ ምስክር እንዲሆን ተጠይቆ ጫማውን ማስጠረግ ጀምሯል።

ሻንጣዋንም ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዳ፣ አቧራውን አራግፋ፣ አልጋዋ ላይ ከፍታ አስቀምጣዋለች። ባዶውን ነው። «አንዲት መስኮት ዝም ካለች ራሴ እሞላዋለሁ፤ ማንም እንዳይጎትተኝ» አለች። ቀልድ አይደለም፤ ፊቷን አይቻለሁ። ዛሬ ብቻ የሳሎኑን መስኮት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ይህንን መስመር ጽፌ ተነስቼ ሃያኛ ከፈትኩት። ጮኸ፤ ኮሎኔሉም አምስት ሰዓት አልፏል ብሎ ተሳደበ።

በይ ደህና ሁኚልኝ፤ ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ። ከዚህ በታች እማዬ ራሴ እጽፋለሁ ብላ እስክሪብቶውን እየቀማችኝ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

ልጄ፣ ያለውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ እውነት ነው። ስለ ጀሶው ትንሽ አጋንኗል። ያዘጋጀሽልኝን ክፍል አልናቅሁም፤ በገዛ እግሬ መጥቼ እተኛበታለሁ፣ ከልጆቹም ጋር እሰነብታለሁ። ግን እዚያ ስመጣ እንግዳሽ ነኝ፤ እዚህ ስትመጪ እናትሽ ነኝ። ይህን ገና ያኔ በአፌ መናገር ሲገባኝ፣ ዝም ብዬ ቆይቼ በጉልበቴ ተናገርኩት። አሁን በእጄ ልጻፈው፦ ከቤቴ መሄድ አልፈልግም። ቅዳሜ ነይና መስኮቶቹን ሁሉ ክፈቻቸው።